የአበባ መዓዛ ያለው አረንጓዴ ሻይ ላቴ በቤት ውስጥ፦ ለምን ይመርራል፣ ወተቱስ ለምን ይቋጠራል?

ጥያቄው ከጅማ የመጣ ነው። ጠያቂያችን አረንጓዴ ሻይ ላቴ (ሻይ አረፋ ካለው ወተት ጋር) ከአበባ መዓዛ ጋር ቤታቸው ለመሥራት ሞክረው ሦስት ነገር አስቸግሯቸዋል። ሻዩ መራራ ሆነባቸው፤ ከርከዴ የጨመሩበት ቀን ወተቱ እንደ አይብ ተቋጠረ፤ ከግቢያቸው ለቅመው ያደረቁት ጽጌረዳ ደግሞ ምንም አልሸት አለ። ማሽን የላቸውም፤ ያላቸው ምድጃ፣ በራድና ማጥለያ ነው። በመጨረሻም «ጓሯችን ያለው የቡና አበባ ለዚህ ይሆናል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል።

ማሽኑ ባይኖር ምንም አይደለም። ምሬቱ የውሃው ሙቀት ጉዳይ ነው፤ መቋጠሩ የአሲድ፤ የመዓዛው መጥፋት ደግሞ አበባው የገባበት ጊዜና ቦታ። በየተራ ልሂድባቸው፤ የቡና አበባውን ግን ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ፣ ጅማ ላለ ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ስለሆነ።

ከውሃው እንጀምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ይህም ቢሆን ለአረንጓዴ ሻይ ይበዛል። በሻይ ቅጠል ውስጥ አፍ የሚያደርቀውና የሚመርረው ካቴኪን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ውሃው በሞቀ ቁጥር በብዛት ይወጣል። ለሻዩ ለስላሳና ጣፈጥ ያለ ጣዕም የሚሰጠው ቲያኒን ግን በዝቅተኛ ሙቀትም በቀላሉ ይሟሟል። ስለዚህ የምንፈልገው ከ75 እስከ 80 ዲግሪ ያለ ውሃ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለዎት በመስፈሪያ ይሥሩት፦ አራት እጅ ገና ከምድጃ የወረደ የፈላ ውሃ ላይ አንድ እጅ አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨምሩ። በጅማ መፍያ ሙቀት፣ ቀዝቃዛው ውሃ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ፣ ድብልቁ 79 ገደማ ላይ ያርፋል። «ትንሽ ይብረድ» ብሎ በግምት ከመጠበቅ ይህ እጅግ የታመነ ነው፤ በራድ ውስጥ ያለ ውሃ በአምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚበርድ የሚወስነው የበራዱ ዓይነት ነውና።

ሁለተኛው የምሬት ምክንያት ሻዩን ከወተቱ ጋር አብሮ ማፍላት ነው። ሻይ በወተት ስንሠራ የለመድነው እንደዚያ ስለሆነ እጃችን ወደዚያው ይሄዳል። ጥቁር ሻይ ይህን ይችላል። አረንጓዴ ሻይ ግን ሲፈላ አረንጓዴው ቀለም ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ሽታው የተቀቀለ ጎመን ሽታ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ስኳር ቢያበዙበትም አይመለስም። ሻዩ ለብቻው፣ ወተቱ ለብቻው፣ የሚገናኙት ብርጭቆ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ምሬትን ፈርቶ ሻዩን ማቅጠን አያዋጣም። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን የተባለው ፕሮቲን ካቴኪኑን ይይዘዋል፤ አፍ ማድረቁን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ለላቴ የሚሆነው ሻይ ለብቻው ሲቀመስ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። ለአንድ ብርጭቆ 6 ግራም ቅጠል፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ወይም 2 ግራም የሚይዙ ሦስት ከረጢቶች ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይበቃሉ። አንድ ከረጢት በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፎ ወተት ቢጨምሩበት የሻይ ጣዕሙ ይጠፋና የሞቀ ወተት ብቻ ይቀራል።

ስለ ሻዩ ምርጫ ጥቂት ልበል። ቦንጋ አካባቢ ያለው የውሽውሽ የሻይ እርሻ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም፤ በየሱቁ የሚገኘው የአገር ውስጥ ሻይ በብዛት ጥቁር ሻይ ነው። ጥቁሩ ለዚህ አይሆንም፤ ከአንድ ዓይነት ተክል ቢመጡም ጥቁሩ ከተለቀመ በኋላ ጠውልጎና ታሽቶ በአየር እንዲጠቁር ይተዋል፤ አረንጓዴው ግን ወዲያው በእንፋሎት ወይም በጋለ ብረት ይመታና መጥቆሩ ይቆማል። አበባው ጎልቶ እንዲወጣ የሚያስፈልገው ያ ቀለል ያለ መሠረት ነው። ከረጢቱን ሲከፍቱ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ የገለባ ሽታ ካለው አርጅቷል፤ ምንም ቢያደርጉ ላቴው ይደበዝዛል። በነገራችን ላይ በከረጢት ሻይ የተሠራ ላቴ አረንጓዴ አይሆንም፣ ቢጫ የነካው ክሬም ቀለም ነው። በፎቶ የሚያዩት ደማቅ አረንጓዴ ማቻ የሚባለው የጃፓን የሻይ ዱቄት ነው። የከረጢት ሻይ ፈጭቶ ማቻ ለማድረግ መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ይመርራልም።

አሁን ወደ ከርከዴው። ወተት የሚቋጠረው አሲድነቱ ፒኤች በሚባለው መለኪያ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) 4.6 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ወተቱ ትኩስ ከሆነ ደግሞ እዚያ ሳይደርስም ይጀምራል። ጠንካራ የከርከዴ ውሃ ፒኤቹ 3 አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ የወተቱ ጥራት ላይ አይፍረዱ፤ ከርከዴና ትኩስ ወተት በምንም መንገድ አይስማሙም። ሎሚም እንዲሁ ነው። ጥሬ ዝንጅብልም ወተት የሚቋጥር ኢንዛይም ስላለው አይግባ። ከርከዴውን የፈለጉት ለቀለሙ ከሆነ አምስት ወይም ስድስት ጠብታ የቀይ ሥር ጭማቂ ወተቱ ውስጥ ጠብ ያድርጉ፤ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሰጣል፣ አይቋጥርም። ከዚያ ካለፈ አፈር አፈር ይላል።

ከርከዴ ሳይገባም የሚቋጠር ከሆነ ወተቱ ውሎ ያደረ ነው ማለት ነው። ለመጠርጠር የሚበቃ ጎምዛዛነት ባይኖረውም ሙቀት ሲነካው ይገለጣል። ትንሽ ወተት በማንኪያ ላይ በእሳት ያፍሉ፤ ከተቋጠረ ለላቴ አይሆንም፣ ለአይብ ይሁን።

ወተቱን በተመለከተ ጅማ ውስጥ ብዙው ሰው የሚገዛው ከወተት ሻጭ የሚመጣ ጥሬ ወተት ነው፤ እሱ ሳይፈላ አይጠጣም፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም፤ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ችግሩ ረጅም ጊዜ የፈላ ወተት የራሱ የበሰለ ሽታ አለው፤ አበባውንም ይጫነዋል። መፍትሔው ወተቱ ገንፍሎ ሲነሣ ማውረድ፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ እያማሰሉ ቶሎ ማብረድ፣ ከላይ የሚጋግረውን ማንሣት ነው። ከዚያ ለላቴው ሲፈለግ እስከ 60 ወይም 65 ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። ምልክቱ፦ የድስቱን ጎን በጣት ሲነኩት ሁለት ሰከንድ ያህል ያስችላል፣ ሦስተኛው ላይ ያቃጥላል። ከ70 ካለፈ ሽታው ይለወጣል፣ አረፋውም ሻካራ ይሆናል።

አንድ ነገር አደራ የምለው፦ ወተቱ በጢስ በታጠነ ዕቃ የመጣ እንዳይሆን። የወይራ ጢስ ለእርጎና ለቅቤ ድንቅ ነው፤ ለዚህ መጠጥ ግን ከጽጌረዳም ከጃስሚንም በላይ ይጮኻል። ሻጭዎን «ያልታጠነ» ብለው ይጠይቁ፣ ወይም የራስዎን ንጹሕ ጠርሙስ ይስጡ። ከሩቅ ቦታ ሲናጥ የመጣ ወተትም አረፋው አይቆምም፤ ሲናጥ ቅባቱ ይጎዳና የሚለቀው የቅባት አሲድ አረፋውን ያፈርሰዋል። ወተትዎ ጥሩ ጣዕም ኖሮት አረፋ እምቢ ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን በዱቄት ወተት ይሥሩ፤ መመሪያው ከሚለው ትንሽ ወፈር አድርጎ መበጥበጥ ጥሩ አረፋ ይሰጣል።

አረፋ ለማውጣት ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ የብርጭቆ ማሰሮ ይበቃል። ወተቱ ከማሰሮው ሲሶውን ብቻ ይሙላ፤ በፎጣ ጠቅልለው ለ30 ወይም 40 ሰከንድ በኃይል ያናውጡት፣ ከዚያ ክዳኑን በቀስታ ይክፈቱ፣ ትኩስ አየር ስለሚገፋው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት ትልልቆቹ ፊኛዎች ይፈነዳሉ፣ የቀረው ማኪያቶ ላይ እንደሚያዩት ልስልስ ያለ አረፋ ነው። በእጅ መምቻም ይሆናል፣ ግን ክንድ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ አበባው። አብዛኛው የአበባ መዓዛ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው፤ ከውሃም ይልቅ በቅባት ይሟሟል። የእርስዎ ጽጌረዳ ያልሸተተው ከሚከተሉት በአንዱ ወይም በሁሉም ነው፦ ዝርያው ለመልኩ እንጂ ለሽታው የተመረጠ አይደለም (ትኩሱን አሽትተው ካልሸተተዎት ደርቆም አይሸትም)፤ በፀሐይ ደርቋል፤ ወይም ከሻዩ ጋር ፈልቷል። ጠዋት ጤዛው እንደለቀቀ ይልቀሙት፤ የእያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ግርጌ ነጭ ጫፍ በመቀስ ይቁረጡ፣ የሚመርረው እሱ ነውና፤ በጥላ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ለቀናት ያድርቁት፤ ሲጨብጡት ኮሽ ማለት አለበት። ከዚያ ቦታው ሻዩ ሳይሆን ወተቱ ነው። የሞቀውን 130 ሚሊ ሊትር ወተት ከእሳት አውርደው አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጽጌረዳ ይጨምሩ፤ ክዳን ይክደኑ፤ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይተዉትና ያጥልሉ። ክዳኑ ግዴታ ነው፤ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ከብርጭቆው የጎደለው ነው። ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየ የአበባው የራሱ ምሬት ይወጣል።

ቅባት መዓዛውን እንደሚይዘው ሁሉ ጠበቅ አድርጎም ያስቀረዋል፤ ስለዚህ ወተቱ ጥሩ ቢጣፍጥም አፍንጫ ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ፣ አረፋው ከተቀመጠ በኋላ፣ አራት ወይም አምስት ጠብታ የጽጌረዳ ውሃ ከላይ የሚደረገው። ማሸጊያው ላይ ለምግብ መሆኑ የተጻፈበትን ብቻ ይግዙ፤ ለፊት የሚሸጠው ውስጡ ለመጠጥ የማይሆን ነገር ሊኖረው ይችላል። የሻይ ማንኪያ ሙሉ ካደረጉ ላቴው ሳሙና ሳሙና ይላል።

ከአበባ ሻጭ የሚገዛ ጽጌረዳ ፈጽሞ አይግባ። የሚረጨው ለአበባ ማስቀመጫ እንጂ ለአፍ ታስቦ አይደለም። ሽታው ስላማረ ብቻ የማያውቁትን አበባም አይቅጠፉ። በየአጥሩ የሚበቅለው፣ እንደ ጥሩንባ ተንጠልጥሎ ማታ ማታ አካባቢውን የሚያውደው ትልቅ አበባ የአጤ ፋሪስ ዘመድ ነው፣ መርዛማ ነው። በጫካ ዳር የሚያገኙት ነጭ ጠምበለልም በዓለም ገበያ ለሻይ ከሚውለው ጃስሚን ጋር ቢዛመድም ያው አይደለም፤ ለመጠጥ አልመክረውም።

የቡና አበባ ግን አዎ፣ ይሆናል፤ መዓዛውም ለጃስሚን የቀረበ ነው። አጠቃቀሙን ከቻይናዎቹ የጃስሚን ሻይ መውሰድ ይቻላል። እነሱ አበባውን ከሻዩ ጋር አያፈሉትም፤ ማታ ሊፈካ የደረሰ እንቡጥ ከደረቅ ሻይ ጋር ቀላቅለው ያሳድሩታል፣ ሻዩ መዓዛውን ይመጠዋል፣ በማግስቱ አበባው ተነፍቶ ይወጣል፤ ለጥሩው ሻይ ይህ ሌላ ትኩስ አበባ እየተጨመረ ደጋግሞ ይደረጋል። እርስዎም እንደዚሁ ያድርጉ።

ጊዜው ከበጋው መጨረሻ ነው። እንቡጡ በደረቁ ወራት ተኝቶ ይቆይና የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ዛፉ ሁሉ አንድ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ፈክቶ የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ዝናቡ የጣለበትን ቀን ያስታውሱ። እያንዳንዱ አበባ አንድ የቡና ፍሬ ነው፤ ስለዚህ አበባውን ከነግርጌው አይቁረጡት። የጅማ ቡና የአረቢካ ዝርያ በመሆኑ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ይህም በአብዛኛው አበባው ሲፈካ ይጠናቀቃል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከሥሩ ንጹሕ ነጠላ ዘርግተው ነጩን ክፍል በሁለት ጣት ቀስ ብለው ሲስቡት ወልቆ ይመጣል፤ ፍሬ የሚሆነው አረንጓዴ ጉብታ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። በሦስተኛው ቀን ከጠበቁ ቅርንጫፉን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል፣ መዓዛው ግን ከግማሽ በላይ ሄዷል። ፀረ ተባይ ወይም ፀረ አረም የተረጨበት ማሳ ከሆነ ይተዉት።

ለ30 ግራም ሻይ ከ15 እስከ 20 ግራም ትኩስ አበባ በቂ ነው። አበባው ጤዛ ካለው አንድ ሰዓት በጨርቅ ላይ ይጠውልግ። ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አንድ ረድፍ ሻይ፣ አንድ ረድፍ አበባ እያደረጉ ይደርድሩ፤ ከረጢት ሻይ ከሆነ 15ቱን ከረጢት እንዳለ መደርደር ይቻላል፣ መዓዛው በወረቀቱ ያልፋል። ከድነው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያሳድሩት፤ መሃል ላይ አንዴ ገልበጥ ገልበጥ ያድርጉት፣ ተቆልሎ ሲቀር ይሞቃልና። ጠዋት አበባውን አንድ ሳያስቀሩ ያውጡ።

ብዙ ሰው የሚዘለውና ሁሉን የሚያበላሸው ቀጣዩ ነገር ነው፦ ሻዩ መዓዛውን ብቻ ሳይሆን የአበባውን ውሃም ጠጥቷል። እንዲሁ ከታሸገ በሳምንት ይሻግታል። ሰፋ ባለ ትሪ ወይም እጅ በሚያስችል ለብታ ላይ ባለ ንጹሕ ምጣድ ላይ ለ20 ወይም 30 ደቂቃ ያድርቁት። እጅ የማያስችል ምጣድ ያሳደሩትን መዓዛ በደቂቃ ይወስደዋል። በማግስቱ አበባ ካለ አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ ልዩነቱ ጉልህ ነው። ምጣዱ እንጀራም ቡናም የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፣ ሻይ የአበባ ሽታ የሚመጠው በዚያው ጠባዩ የበርበሬንም፣ የኮረሪማንም፣ ቡና ሲቆላ የሚነሣውን ጢስም ይመጣልና። የተዘጋጀው ሻይ ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከቅመም መደርደሪያ ርቆ ይቀመጥ።

ላቴውን ሲሠሩ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ብርጭቆውን በሙቅ ውሃ ያሙቁ። ወተቱን አዘጋጅተው ይክደኑ፤ በቡና አበባ የታጠነ ሻይ ካለዎት ጽጌረዳ አይጨምሩ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። 120 ሚሊ ሊትር የፈላና 30 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅለው 6 ግራም ሻይ ላይ ያፍስሱ፣ 3 ደቂቃ ይጠብቁ፣ ያጥልሉ፤ ከረጢቱን አይጭመቁት፣ መጨረሻ የሚወጣው ጠብታ ከሁሉ የመረረው ነው። ማጣፈጫውን ሻዩ ውስጥ ያሟሙ። ወተቱን አናውጠው አረፋውን በማንኪያ ያዝ እያደረጉ ያፍስሱት፣ አረፋውን መጨረሻ ላይ ይጫኑበት።

ለማጣፈጫ ማር ከመረጡ ነጩን ይውሰዱ። የጌተሜ ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ነጭ ማር ለስላሳ ስለሆነ አበባውን አይሸፍንም፤ ጠቆር ያለው የጫካ ማር ግን የራሱ ጠንካራ ጣዕም አለው። አንድ ወይም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ኮረሪማ መጨመር ለሚፈልግ ከአንድ ፍሬ በላይ አልመክርም፣ ፍሬ ስል ከውስጥ ያለውን አንዷን ጥቁር ዘር ማለቴ ነው።

በጾም ቀን 50 ግራም አጃ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለ30 ሰከንድ ብቻ ፈጭቶ ሳይጨምቁ ማጥለል ይሻላል። ሲያሞቁት ከ60 ዲግሪ አያሳልፉት፣ ወደ ገንፎ ይሄዳል። የሱፍ ውሃ ነጭነቱ ያታልላል፣ ጣዕሙ ግን አበባውን ይውጠዋል። ጽጌረዳን በአጃ ወተት ሲዘፈዝፉ ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ መዓዛው ደከም ይላል፤ በቡና አበባ በታጠነ ሻይ መሥራቱ ለጾም ይመረጣል።

ሙቀት መቆጣጠር ከከበደዎት ቀዝቃዛውን መንገድ ይሞክሩ፦ 6 ግራም ሻይ በ200 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆይ። ምሬት የለውም ማለት ይቻላል፣ በቀዝቃዛ ወተትም ይጠጣል።

የመጨረሻው ስለ መጠኑ ነው። 6 ግራም ቅጠል ያለው ላቴ በካፌይን ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አያንስም፤ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ባይጠጣው ጥሩ ነው። ሻይ ከምግብ የሚገኘውን የአይረን መመጠጥ ስለሚቀንስ የደም ማነስ ያለባትና ነፍሰ ጡር ሴት ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታ ትጠጣው።